ጠላቂው በከርና የጠበበው መቅዘፊያ

ከልደታ ማርያም ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በከር ይማም የሚባል ጎሚስታ ነበር። የቆርቆሮ ቤቱ ጠባብ ናት፤ እሱ ግን ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ንግግረ ቁጥብ ሰው ነው። የታክሲ ሾፌሮች ጎማቸው በተነፈሰ ቁጥር ሌላውን ሁሉ አልፈው እሱ ዘንድ ይመጣሉ። የተነፈሰውን ጎማ በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲጠብቅ ጎንበስ ብሎ ውኃውን የሚያይበት አስተያየት አንዳንዱን ሰው ይገርመዋል። የጠፋ ሰው የሚፈልግ ነው የሚመስለው።

ወጣቶቹ የማያውቁትን የሰፈሩ ትልልቆች ያውቃሉ። በከር የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። አባቱ ከወሎ መጥተው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሱ ግን ከጎረቤቱ ልጅ ከወልደ ሚካኤል ጋር ተመካክሮ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ምፅዋ ወረደ። ሁለቱ ልጆች ልደታ ሰፈር በአንድ ዋንጫ እየጠጡ ያደጉ ናቸው። ምፅዋም ላይ አልተለያዩም፤ ጠላቂነት የሠለጠኑት አብረው፣ ከመርከብ ሆድ ሥር እየገቡ ዝገትና ቀንድ አውጣ የሚፍቁት አብረው፣ የተጠላለፈ ገመድ ከመርከብ መዘውር የሚፈቱትም አብረው ነበር።

ወልደ ሚካኤል የሞተው በ1975 ዓ.ም. በሰኔ ነው።

የዚያን ቀን የሆነውን በከር ለማንም ሳይናገር ሃያ አራት ዓመት ኖረ። ለሚስቱ ለመይሙና እንኳ አልነገራትም። ለሰው የነገረው ግማሹን ነው፦ ከመርከቡ ሥር እየሠሩ ሳለ የውኃው ግፊት ድንገት መጣ፣ ወልደ ሚካኤል ወደ ወደቡ ምሰሶዎች ተወሰደ፣ አየሩን በትግል ጨረሰ፣ በከር ደርሶ ሲያወጣው ነፍሱ ወጥታ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ያልተናገረው ግን ከዚያ በፊት፣ ገና የብስ ላይ ሳሉ የሆነውን ነው።

ጠላቂ እግሩ ላይ የሚያጠልቀው መቅዘፊያ አለ። ከኋላው ጫማ፣ ከፊቱ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ የጎማ ምላስ ነው። ውኃ ውስጥ ሰውን የሚያስኬደው እሱ ነው፤ እጅ ለሥራ ነው የሚያስፈልገው። በዚያ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ለእነሱ ልክ የሚሆኑ ሁለት ጥንዶች ነበሩ። በሁለቱም ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው። አንዱ ግን ከዓመት ዓመት ፀሐይ ላይ ውሎ ጎማው ስለተኮማተረ እግር ይጨብጣል። በዋዜማው እሱን ያጠለቀው በከር ነበርና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቹ ደንዝዘው፣ ባቱን ጨምድዶት በግድ ነበር የወጣው። ተራ በተራ ሊያደርጉት ተስማምተው ስለነበር የዚያን ቀን የጠባቡ ተራ የማን እንደሆነ ማስታወስ አያስቸግርም፤ የወልደ ሚካኤል ነው። በከር ግን የጠባቡን ክፋት ቀምሶ ያውቀዋል። ይህ ጓደኛው ላይ የሚጫን ነገር እንዳልሆነም ያውቃል። ለአለቃው ነግሮ ሥራውን ማዘግየት ይችል ነበር። ሌላ ጥንድ ከሌላ መርከብ መዋስም ይችል ነበር። አላደረገውም። ደህናውን አንስቶ ቀድሞ እግሩ ላይ አጠለቀና ዝም አለ።

ወልደ ሚካኤል ጠባቡን እየታገለ ሲያጠልቅ ሳቅ ብሎ፣ «ትንሽ ይይዘኛል እንጂ ችግር የለውም። ይለምዳል» አለ።

በከር አስከሬኑን አውጥቶ መቅዘፊያውን ከእግሩ ላይ ሲያወልቅ ጣቶቹ ነጭ ሆነው፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ አየ። ባቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ በከር አልጠለቀም። ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውሩኝ ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለት። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ሻንጣ ይዞ ልደታ ተመለሰ፤ ጎማ ማወቁ ጠቀመውና ጎሚስታ ሆነ።

የወልደ ሚካኤል እናት፣ እማማ ወለተሰንበት፣ ከበከር ቤት ሦስት አጥር አልፎ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ልጃቸው የተቀበረው ምፅዋ ነው። አንድ ቀን ሄጄ መቃብሩን አያለሁ ሲሉ ሲሉ አገሩ ሁለት ሆነ፤ በ1990 ደግሞ ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ። በከር ልጅ ሆነላቸው። ጣራቸው ሲያፈስ እሱ ይደፍናል፤ ሲታመሙ ሐኪም ቤት እሱ ይዟቸው ይሄዳል፤ የእሱ የረመዳን ፆም ሲፈታ እሳቸው ዘንድ ሳይሄድ አይውልም፣ የእሳቸው ፋሲካ ሲሆን መይሙና ዶሮውን ከነነፍሱ ታደርስላቸዋለች። «በከርዬ፣ አንተን ባይተውልኝ ምን እሆን ነበር?» ይሉታል። እሱ ይህን በሰማ ቁጥር ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል። እሳቸው ትሕትና ይመስላቸዋል።

በ1999 ክረምት የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው የአብዱልጀባር ልጅ ሞተ። አብዱራህማን ይባላል፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድንጋይ ሲወጣበት ከርሞ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ሊዋኝ ገብቶ ቀረ። ሰፈሩ ተጠራርቶ ሄደ፤ በከርም ሱቁን ዘግቶ ከአባትየው ጎን ተሳፈረ።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የነፍስ አድን ጠላቂዎች ቀድመው ደርሰዋል። ሦስት ናቸው። ቡድኑ አዲስ ነው፣ ዕቃው ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ነው። ሀብተሥላሴ የሚባል ሠላሳ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው ሲሊንደሩን አዝሎ ገባ። ዐሥር ደቂቃ አልቆየም። ሲወጣ አንድ እግሩ ላይ መቅዘፊያ የለም፤ ሌላኛውን እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ጥርሱን ነክሷል።

«ጭቃው ነው የሚያስቸግረው» አለ እያለከለከ። «ታች ምንም አይታይም። መቅዘፊያው ደግሞ ወለቀብኝ።»

በከር ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ቀረበና አጠገቡ ተንበረከከ። «እግርህን አሳየኝ» አለው።

ሀብተሥላሴ ቀና ብሎ አየው። የሰማያዊ ቱታው ጉልበት በግራሶ የጠቆረ ሽማግሌ ነው። «እርስዎ ማነዎት አባባ?»

«ጫማ ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?»

«አርባ አንድ።»

«ይሄ አርባ አምስት ነው። በረገጥከው ቁጥር ተረከዝህ ይወጣል፤ እንዳይወልቅ ጣትህን አጥፈህ ትይዘዋለህ፤ ጣትህን አጥፈህ የምትቀዝፍ ከሆነ ባትህ ይጨመድዳል። ጭቃው አይደለም ያሸነፈህ።»

በከር ሚኒባሱ ጋ ሄዶ ከሾፌሩ አሮጌ ከመነዳሪ ለምኖ አመጣ። ያንን የጎማ የውስጥ ላስቲክ በካራ ሸንትሮ ሁለት ሰፋፊ ቀለበት አወጣ። ሀብተሥላሴን ሁለት ወፍራም ካልሲ አስደረበው፤ ከሌላው ጠላቂ የተዋሰለትን ሌላ ጥንድ አጠለቀለትና ላስቲኩን ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ፣ ከውስጥ እግሩ ሥርና ከእግሩ አናት ላይ አዙሮ አጠበቀው። «አራግፈው» አለው። ሀብተሥላሴ እግሩን አንሥቶ አራገፈ። መቅዘፊያው ከእግሩ ጋር አብሮ ተንቀሳቀሰ እንጂ ለብቻው አልተወዛወዘም። «አሁን ከጉልበትህ ሳይሆን ከዳሌህ ቅዘፍ። ቀስ ብለህ። ታች ስትደርስ ደግሞ ጭቃውን አትምታው።»

ሀብተሥላሴ ተመልሶ ገባ። አብዱራህማንን በሁለተኛው ጊዜ አገኘው።

አብዱልጀባር ልጁን ተቀብሎ ሲያቅፍ በከር ዞር ብሎ ሄደና ከሚኒባሱ ኋላ ቆመ። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር የመጣችው መይሙና ለቤተሰቡ ውኃ ስታድል አየችው፤ ሁለት እጁን ቱታው ኪስ ውስጥ ከትቶ ያለቅሳል። እሷ ለአብዱራህማን መስሏት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሀብተሥላሴ ጎሚስታ ቤቱን አጠያይቆ መጣ። «ጋሽ በከር» አለ ቆሞ፣ «መቅዘፊያ እንድንገዛ ተፈቅዶልናል። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አብዱልሃሚድ የሚባል ነጋዴ ከጅቡቲ ያመጣው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አለ ይላሉ። እኛ ብንሄድ ያማረውን ነው የምናነሣው። እርስዎ ይምጡልን።»

በከር የያዘውን ጎማ ገለበጠ። ከዚያ፣ «ጠዋት አንሄድም» አለ። «እግር ሲዋልበት ነው የሚያብጠው። ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንሄዳለን። የምታጠልቁትን የላስቲክ ቦት ይዛችሁ ኑ። በባዶ እግር የተለካ ለባዶ እግር ነው።»

አብዱልሃሚድ ማዳበሪያውን ሱቁ ወለል ላይ ዘረገፈው። ያረጀ ጎማ ሽታው ይለያልና ከሁሉ መጀመሪያ በከር ያደረገው እያንዳንዱን እያነሣ ማሽተት ነበር። ከዚያ ጎማውን እጥፍ አድርጎ እጥፋቱ ላይ የተሰነጠቀ መኖሩን በጥፍሩ ፈለገ፤ የተሰነጠቀውን ወደ በር ወረወረው። ተረከዛቸው የተደፈነውን፣ በባዶ እግር የሚጠለቁትን ጥንዶችም አገለለ። «ይሄ ሞቅ ላለ ባሕር ነው። የእናንተ ጉድጓድ ብርድ ነው፤ ታቹ ደግሞ ጠርሙስና ብረት ነው። ቦት ያስፈልጋችኋል። ተረከዙ ክፍት ሆኖ በማሰሪያ የሚጠብቅ ነው ለእናንተ።»

ሀብተሥላሴ አንድ ቢጫ፣ ክንድ ሙሉ የሚረዝም ጥንድ አንሥቶ ነበር። «ይሄስ? በአንድ ምት ሩቅ ይወስዳል።»

«ይወስዳል። ባሕር ላይ ብትሆን እኔም እሱን እሰጥህ ነበር። አንተ ግን ሩቅ አይደለም የምትሄደው፤ የምትፈልገው ሰው ያለው ከሥርህ ነው። በዚህ ብትቀዝፍ ጭቃውን ሁሉ አንሥተህ ራስህን ታሳውራለህ።» አጠር ያለ ሌላ ጥንድ አነሣና ጫፉን ወለሉ ላይ ተክሎ ተጫነው። ጎበጠ፤ ሲለቀው ተመልሶ ቀጥ አለ። ሌላውን ሲጫን እንደ ጨርቅ ተኛ። ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ እምቢ አለ። «የሚተኛው አይገፋልህም። እምቢ ያለው ባትህን ይጨርሰዋል። ጎብጦ የሚመለሰውን ያዝ።»

ማሰሪያውን ዐይናቸውን ጨፍነው በአንድ እጅ እንዲፈቱት አደረጋቸው። ያልቻሉትን መለሰ። ከዚያ ሦስቱንም ቦታቸውን አስደርጎ፣ መቅዘፊያውን አስጠልቆ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

«በሉ ተቀመጡ» አለ። «ሃያ ደቂቃ።»

አብዱልሃሚድ ሳቀ። «ጋሽ በከር፣ ጫማ ሲገዛ እኮ አድርጎ ከበር እስከ በር ሄዶ ነው።»

«ጫማ ቢጠብህ መንገድ ላይ ታወልቀዋለህ» አለ በከር።

ሦስቱ ጠላቂዎች እግራቸውን ዘርግተው እንደ ተማሪ ተቀመጡ። በከር በየመሐሉ እየመጣ ጣታችሁን አንቀሳቅሱ፣ የእግራችሁ አናት ላይ የሚጫን አለ ወይ ይላል። ሁለቱ ተስማማቸው። ሀብተሥላሴ ያጠለቀው ጥቁር ነው፤ ማሰሪያው የብረት ስፕሪንግ፣ ምላሱ ልክ በከር እንደሚፈልገው፣ ከሁሉም የተሻለው ዕቃ ነበር። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን በከር አየው። ወንበሩ ላይ እግር እግሩን ይለዋውጣል።

«ምነው?»

«ምንም» አለ ሀብተሥላሴ። «ትንሽ ይይዘኛል እንጂ ችግር የለውም። ይለምዳል።»

የበከር ፊት ተለወጠ። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ሳይፈታ መቅዘፊያውን በሁለት እጁ ከሰውየው እግር መነጨቀው፤ ሀብተሥላሴ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «አይለምድም!» አለ። ድምፁ ሱቁን ሞላው። «አይለምድም! ማን ነው ይለምዳል ያላችሁ? እግር ነው የሚሞተው እንጂ ጎማ አይለምድም!»

ወዲያው ራሱ ደነገጠና መቅዘፊያውን እንደያዘ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ። አብዱልሃሚድ ውኃ ቀድቶ ሰጠው። በከር ውኃውን አልጠጣም፤ ብርጭቆውን እንደያዘ ያንን የሰኔ ጠዋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረው። ስለ ሁለቱ ጥንዶች፣ ተራው የማን እንደነበረና ጠባቡ ምን እንደሚያደርግ እያወቀ ዝም ስላለው ዝምታ፣ ስለ ጠቆረው ጥፍር።

ሀብተሥላሴ ቦቱን አውልቆ ለረጅም ጊዜ እግሩን ሲያሻሽ ቆየ። «እናቱ አሉ?» አለ በመጨረሻ።

«አሉ። ልደታ ናቸው።»

«ያውቃሉ?»

በከር አያውቁም በሚል ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ለሀብተሥላሴ ሌላ ጥንድ ፈልጎ፣ እሱንም ሃያ ደቂቃ አስቀምጦ፣ ተስማማኝ ሲለው ሳያምነው የእግሩን ጣቶች ቀለም አይቶ ነው የወጡት።

በማግስቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማማ ወለተሰንበት ዘንድ ሄደ። በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። ተቀመጥ ቢሉት ቆሞ ቀረ። «እማማ፣ ስለ ወልዴ ያልነገርኩዎት አለ» ብሎ ጀመረ፤ ቆሞ ጨረሰው።

እማማ ወለተሰንበት ምስሩን መልቀም አላቆሙም። ሲጨርስ አንዲት ጠጠር አውጥተው ጣሉና፣ «ለምን ዛሬ ነገርከኝ?» አሉ።

«ሳልነግርዎት ልጅዎ መባል አቃተኝ።»

«ለራስህ ነዋ የነገርከኝ። ለእኔማ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያልከኝ ይበቃኝ ነበር።» ሰፌዱን ይዘው ተነሡ። «ሂድ በከር» አሉ። በከርዬ አላሉትም። በሩን ከውስጥ ዘጉት።

ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ለመይሙናም ነገራት። እሷ አለቀሰች፤ ከዚያ ለእማማ ምሳ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው ብላ በየቀኑ ትሄድ ጀመር። እማማ ምግቡን ይቀበላሉ፣ ይመርቋታል፣ ስለ ባሏ አይጠይቁም። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። በከር ዝናብ በመጣ ቁጥር ሱቁ ውስጥ ሆኖ ጣራቸውን ያስብ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ ጠዋት እማማ ወለተሰንበት በትራቸውን ተደግፈው ጎሚስታ ቤቱ ድረስ መጡ። በከር ዘሎ ተነሣ። እሳቸው አንድ የተኛ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀመጡና፣ «አሳየኝ» አሉት።

«ምኑን እማማ?»

«ያንን ነገር። አይቼው አላውቅም። ልጄን የገደለው ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

ሀብተሥላሴ የሰጠው አንድ የተሰነጠቀ አሮጌ መቅዘፊያ ሱቁ ጥግ ነበር። አምጥቶ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። እማማ ምላሱን ዳሰሱ፤ ከዚያ እጃቸውን እግር በሚገባበት በኩል እስከ አንጓቸው ከተቱት። ጣታቸውን ዘርግተው ስፋቱን እየለኩ ቆዩ።

«እግሩ ሰፊ ነበር» አሉ። «በአባቱ ወጥቶ። የትምህርት ቤት ጫማ በገዛሁለት ቁጥር ጎኑን በምላጭ ሰንጥቄ ነበር የማደርግለት። ረስቼ ሳልሰነጥቅ የሰጠሁት ጊዜ ግን አንድም ቀን ጠበበኝ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ሲያወልቅ ነው ደሙን የማየው።»

በከር ይህን አያውቅም ነበር። ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ በዋዜማው እሱ የታመመውን ያህል ወልደ ሚካኤል ይታመማል ብሎ ነበር ያሰበው። ለዚያ ሰው ጠባቡ እጥፍ ጠባብ ነበር።

«እናንተ ባሕር ስትወርዱ እኔ አጠገባችሁ የለሁም» አሉ እማማ። «ማን ይሰንጥቅለት?» እጃቸውን አወጡና መቅዘፊያውን መለሱለት። «የእነዚያን ሰዎች እግር ትለካለህ ትላለች መይሙና።»

«አዎ እማማ።»

«ጠበበኝ የሚለውን አትስማ። ዝም የሚለውን እየው።»

ተነሥተው ሄዱ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም፤ እሱም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ በኋላ በከር የጠላቂዎቹ ሰው ሆነ። አዲስ ዕቃ በመጣ ጊዜ፣ አዲስ ሰው በተቀጠረ ጊዜ ይጠሩታል። እሱ ከሚያወራው ይልቅ ወንበሩ ጥግ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ነው መጀመሪያ ቦቱን የሚያስወልቀው። አንድ ጊዜ ሀብተሥላሴ ቢሾፍቱ ሐይቅ ለልምምድ ወስዶት፣ ይግቡ ጋሽ በከር፣ ለአንድ አፍታ ቢሉት እንቢ አለ። ዳሩ ላይ ቆሞ ሲወጡ እግራቸውን ቆጠረ።

በ2002 ያ የልደታ ሰፈር ለልማት ፈረሰ። የበከር ቆርቆሮ ቤትም አብሮ ሄደ፤ ሱቁን ወደ ሰንጋ ተራ አዛወረ። ለእማማ ወለተሰንበት ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ጀሞ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ዕቃቸውን ያመላለሱት በከርና ሀብተሥላሴ ናቸው። ሀብተሥላሴ ቁም ሣጥኑን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ እማማ ከታች ቆመው ጫማውን ሲያዩ ነበር።

በከር በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከስግደት መልስ፣ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ የጀሞ ታክሲ ይይዛል። አንዳንዱን ዓርብ እማማ በር ከፍተው በከርዬ ግባ ይሉታል፤ ስለ ልደታ፣ ስለ ሰፈሩ ሰው፣ አልፎ አልፎም ስለ ወልደ ሚካኤል ያወራሉ። አንዳንዱን ዓርብ ደግሞ ከውስጥ ሆነው፣ «ዛሬ አልችልም» ይላሉ። እንደዚያ ያሉት ቀን ይዞት የመጣውን ፌስታል በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ፣ «እሺ እማማ፣ የሳምንት ሰው ይበለን» ብሎ ደረጃውን ይወርዳል።